ሾርባው ደርሷል

ጥር 13 ቀን 1931 ዓ.ም.

አለ! በሕይወት አለ! አካለ ወልድ አልሞተም!

እንደምን ሰነበትሽ ደብተሬ። ሰላምታውን ከኋላ አመጣሁት፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሣጥን ግርጌ ጥዬሽ ከርሜ ዛሬ በጩኸት ስቀሰቅስሽ አትቀየሚኝ። ቀለሙ ይንጠባጠባል፣ ግድ የለኝም። ባሌ በሕይወት አለ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ትናንት ታቦቱን አስገብተን ስንመለስ አንድ ከሲታ ሰው ደጄ ላይ ተቀምጠው አገኘሁ። አቶ እንዳላማው ይባላሉ፣ የመርጡለ ማርያም ሰው ናቸው። በ29 ዓ.ም. የካቲት አዲስ አበባ ላይ ያ ሁሉ ሰው ሲታፈስ እሳቸውም ታፍሰው፣ ባሕር ተሻግረው፣ አዚናራ በምትባል የጣልያን ደሴት ከባሌ ጋር ታስረው ኖሩ። ጥቅምት ላይ ተለቀው ሲመጡ አዲስ አበባ ወባ ጥሏቸው ከረሙ፤ ወደ አገራቸው መግባታቸው ገና አሁን ነው። የኮታቸውን ጠርዝ በጥርሳቸው ተርትረው አንድ ቁራጭ ወረቀት አወጡ። የእርሳስ ጽሕፈት። አካለ ወልድ የስልክ ቤት ሹም ሳለ መዝገብ ላይ ይጽፈው የነበረ ያ ወደ ግራ የሚያጋድል ፊደል። ሌላ ሰው እንዲያ አይጽፍም።

«ጥሩብርሃን፣ አለሁ። የሚያስቸግረኝ ጥርሴ ብቻ ነው። ቤተሰቡ በአገሩ ሹም ፊት ቀርቦ የጠየቀለት እስረኛ ይለቀቃል ብለውናል። ያልተጠየቀለት ከመጪው ፋሲካ በኋላ ወደ ሌላ እስር ቤት ይሄዳል፤ የት እንደሆነ አይነግሩንም። አደራሽን፣ ጠይቂልኝ።»

ሁለት ዓመት! ለሥራ ተጠርቶ አዲስ አበባ እንደሄደ የቀረ ሰው! ታላቅ እኅቱ እትየ ወለተ ሐዋርያት «ወንድሜ ሞቷል፣ ተዝካሩ ይውጣ» ብላ ጌሾውን ሳይቀር አዘጋጅታ ጓዳ አስቀምጣለች። እኔ ደግሞ «ሳይሞት ተዝካር አላወጣም» ብዬ፣ ተኮራርፈን አንድ ቤት ኖርን። ዛሬ ወረቀቱን ሳነብላት መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እንባዋን ጠርጋ ምን አለች?

«ጌሾውን ፀሐይ ላይ አውጡት፣ እንዳይሻግት።»

ጥር 17

ሹሙ ዘንድ ሄድኩ። ጣልያኑ ከጠረጴዛው ኋላ፣ አስተርጓሚው ደምለው ከጎኑ። ደምለውን የማያውቅ የማርቆስ ሰው የለም፤ ትናንትና ገበያ ዳር ተቀምጦ ለሰው አቤቱታ ይጽፍ ነበር። አሁን ከረባት አስሯል። እኔ ባሌ ከታሰረበት ቀን ጀምሬ እስከ ጥርሱ ሕመም ድረስ አስረዳሁ፤ እሱ ሦስት ቃል አድርጎ አቀረበው። ጣልያኑ ቀና ብሎ አየኝና ወደ ወረቀቱ ተመለሰ።

«ስሙ የለም ይላሉ» አለኝ ደምለው። «በሌላ ቀን ይምጡ። ባዶ እጅዎንም አይምጡ።»

የመጨረሻውን ማን እንዳለው አልገባኝም። ጣልያኑ አፉን አልከፈተም።

ጥር 22

ማር ይዤ ሄድኩ። ማሩ ደምለው ቤት ቀረ።

ዛሬስ ጣልያኑ ተናገረ። ምን መናገር ብቻ! ተነሣ፣ ትልቁን መዝገብ ገለጠ፣ ጣቱን አንድ ቦታ ላይ ተከለ፣ ወደ እኔ ጠቆመ፣ መዝገቡን መታ መታ አደረገ፣ እንደገና ተናገረ። እኔ ከበሩ አጠገብ እንደቆምኩ ነኝ፤ ማንም ቅረቢ አላለኝም። ሲጨርስ ወደ ደምለው ዞርኩ።

«አይሆንም ይላሉ።»

«ይኼ ሁሉ ንግግር አይሆንም ለማለት ነው?»

«ጣልያንኛ ረጅም ቋንቋ ነው፣ ወይዘሮ ጥሩብርሃን።»

እንዲህ ያለ ድፍረት! እኔ አዲስ አበባ የፈረንሳይ መነኮሳት ትምህርት ቤት እስከ መጨረሻው ክፍል የተማርኩ ሴት ነኝ፤ ቋንቋ ረጅምና አጭር እንደሌለው አውቃለሁ። እየተቃጠልኩ ቤቴ ገባሁ። ጣልያንኛውን ራሴ እማራለሁ አልኳት እትየን። ዐርባ አራት ዓመቴ ነው፤ ቢሆንስ?

«ፋሲካ ስንት ሳምንት ቀረው?» አለችኝ።

«ይበቃኛል።»

ጥር 26

በምን እንደምማር መረጥኩ፤ ደስ ብሎኛል። ከትምህርት ቤት የተሸለምኩት፣ ፈረንሳይኛ ለሚያውቅ ጣልያንኛ የሚያስተምር ወፍራም መጽሐፍ ነበረኝ። ሣጥኑን ገለባብጬ አወጣሁት። ጀርባውን አይጥ በልታዋለች፣ ሆዱ ግን ደኅና ነው። ይኸው ነው ትክክለኛው መንገድ፤ ከሥሩ፣ በሥርዓት።

የካቲት 1

ምን ዓይነት መጽሐፍ ነው ይኼ! የፊተኛው ዐርባ ገጽ ምላስ የት እንደሚቀመጥ ብቻ ነው። ምላሴን በጣቴ እየያዝኩ መስተዋት ፊት ተቀመጥኩ፤ እትየ ገብታ አይታኝ አማተበችና ወጣች። ማማተቧ ከስድብ ይብሳል።

ከዐርባው ገጽ በኋላ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር መጣ፦ የአትክልተኛው አክስት ነጭ ጃንጥላ አላት። ቀጥሎ የአትክልተኛው የወንድም ልጅ ብዕር። ቀጥሎ የአክስቲቱ ድመት። እስከ ሰባኛው ገጽ የአትክልተኛውን ዘመድ አዝማድ አንድ በአንድ አወቅኩ፤ «ባሌ» የሚለው ቃል ግን እስካሁን አልመጣም። ቃል የሚፈለግበት የኋላው ክፍል አይጧ ሆድ ውስጥ ነው።

ሌላ መጽሐፍ ያስፈልገኛል።

የካቲት 3

ተገኘ! ከይጁቤ ገበያ። አንዲት ቅቤ ነጋዴ ከአንድ አስካሪ፣ ከጣልያን ቅጥር ወታደር የገዛችው ትንሽ መጽሐፍ፣ ኪስ የምትገባ፣ በግራ ጣልያንኛ በቀኝ አማርኛ። ምን ያህል ዘልዬ እንደሳቅሁ አትጠይቂኝ። መንገድ ላይ ሳልገልጣት ቤቴ ድረስ አቅፌያት መጣሁ።

ቤት ስገልጣት፦ ቁም። እጅህን አንሣ። መሣሪያህን አስረክብ። ውኃው የት ነው? አትዋሽ። በቅሎዬን ጫን። ይህ መንገድ ወዴት ይወስዳል? መንደርህን አቃጥላለሁ።

ከዳር እስከ ዳር እንደዚያው። ይኼ መጽሐፍ እኛን ለማዘዝ ነው የተሠራው፤ እኛ እንድንናገርበት አይደለም። «ባሌን መልሱልኝ» የሚል መስመር ለምን ይጻፍበታል? የጻፈው ሰው እንዲህ የሚለው ሰው ይኖራል ብሎ አላሰበም።

ሦስት ጊዜ አገላበጥኩት። «እባክዎ» እንኳ የለበትም።

የካቲት 5፣ የቅበላ እሑድ

የአርመኑ ነጋዴ ቤት ሸክላ የሚያጫውት መኪና አለ። ሚስቱ «ቋንቋ በጆሮ ነው የሚገባ» አለችኝና ከምሳ ጀምሮ እስኪመሽ አንድ የጣልያን ዘፈን አስደጋገመችኝ። ደስ ይላል ዜማው። እያንጎራጎርኩ ቤቴ ገባሁ።

«ምን ይላል ይኼ?» አለች እትየ።

«ጨረቃና ጀልባ ነገር ነው።»

«ለጣልያኑ ሹም ልትዘፍኝለት ነው? ወንድሜን በጀልባ ያምጡልሽ?»

ደግሞስ ነገ ጾም ይገባል፤ ሸክላውም ቀረ፣ ዘፈኑም ቀረ። ቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ። ሁልጊዜ እንዲህ ነኝ።

የካቲት 9

ራሴን አመመኝ። ጾም። ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር፣ ከኋላዬ፦ «የሰው ባል አስረው እሷ ቋንቋቸውን ታጠናለች።» ዞር አላልኩም። ድምፁን አውቀዋለሁ። ስሟን አልጽፍም።

ለምን እንደማጠና ወጥቼ ልንገር ደግሞ?

የካቲት 14

እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የለም፤ ረሃቡን ልርሳበት ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ዛሬ ጠዋት ሥራነሽ መጣች። ለክርስትና ያነሣኋት ልጅ ናት፣ እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደግኋትም ያህል ነኝ። ከአምና ጀምሮ ግን አልተነጋገርንም። የጣልያን ካሚዮን የሚጠግን መካኒክ ቤት ገብታለች። «ወጥ ቤት ነኝ» ትላለች። ሰው ሌላ ይላል። እኔ የሰውንም አልል፣ የሷንም አልል፤ ብቻ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስትሳለመኝ ወደ ሌላ ማየት ጀመርኩ፣ እንዲያው እንደዋዛ፣ እንደዚያው ቀረ።

ዛሬ በራፌ ላይ ቆማ፦ «እማማ፣ ጣልያንኛ ይፈልጋሉ አሉ። እኔ እችላለሁ። ልንገርዎት?»

«መጽሐፍ አለኝ» አልኳት።

«መጽሐፉ ይናገራል?»

«አንቺ ያንን ቋንቋ ከየት እንደተማርሽው ሁሉ ያውቃል። በይ፣ ደጄ ላይ አትቁሚ፣ ሰው ያያል።»

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ሄደች። እትየ ከጓዳ ሰምታ ነበር፤ የሽሮውን ድስት ጥደን ስናበቃ «አንዷን የምትናገር አባረርሽ፣ ሦስት የማይናገሩ ይዘሽ ቀረሽ» አለች። ሦስተኛው አርመኑ ቤት ያለው ሸክላ መሆኑ ነው።

ትክክል ነው ያደረግሁት። ልጅቱን አንዴ ቤት ካስገባኋት ምን ይባላል? ትክክል ነው።

የካቲት 16

ትክክል ነው ብዬ ሁለት ጊዜ መጻፌን አሁን አየሁት።

የካቲት 22

የኔታ ፍሥሐን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ሃምሳ ዓመት ዳዊት ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ወንድሞቼን ሁሉ ያስቆጠሩ እሳቸው ናቸው። የተሸከምኳቸውን መጻሕፍት አይተው ቆሙ።

«ወዴት ነው ይኼ ሁሉ ጭነት?»

ነገርኳቸው፤ የአትክልተኛውን አክስት ሳይቀር። በመቋሚያቸው ተደግፈው እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ልጄ፣ መጽሐፍ እኮ ያጠናሽውን እንዳትረሺ ነው እንጂ የማታውቂውን አያናግርሽም። የእኛ ልጆች ግእዝን መቼ ሰምተውት ያውቃሉ? ግን ከአፍ ወደ አፍ እንቀጽልላቸዋለን፤ አንድ መስመር እላለሁ፣ ይላሉ፤ እላለሁ፣ ይላሉ፤ በቃል እስኪይዙት። የሚናገር ሰው አምጪልኝ፣ የቀረውን እኔ አውቅበታለሁ።»

«እርስዎ ጣልያንኛ አያውቁም፣ የኔታ።»

«ቋንቋውን አላውቅም። ሰው እንዴት እንደሚማር አውቃለሁ።»

የሚናገር ሰው ከየት ይመጣል? አንድ ብቻ ናት ያለችው። እሷንማ…

አርመኑ ከአዲስ አበባ ሥዕል ያለበት አዲስ መጽሐፍ ይመጣልኛል ብሏል። እሱን ብጠብቅ ይሻላል።

የካቲት 29

አልመጣም።

መጋቢት 2

መንገድ ተዘግቷል። አርበኞች ከደጀን ወዲህ ድልድይ ሰብረዋል ይባላል። እሰይ እላለሁ፤ መጽሐፌም እዚያው ቀረ። እሰይ ማለቴንም አጠፋዋለሁ። አይ፣ አላጠፋውም።

ፋሲካ ሚያዝያ 1 ነው። ዛሬ መጋቢት 2። ማስላት አያስፈልገኝም።

መጋቢት 3

ሄድኩ። ወንዝ ዳር ልብስ ስታጥብ አገኘኋት። ምን ብዬ እንደምጀምር አዘጋጅቼ ነበር፣ ሁሉም ጠፋብኝ። እሷ ቀደመችኝ፤ እጇን በቀሚሷ አደራረቀችና፦

«መቼ ልምጣ፣ እማማ?»

«ነገ። ከቅዳሴ መልስ።»

ወደ ልብሱ ጎንበስ ብላ፦ «በየትኛው በር ልግባ?»

«በጓሮው ይሻልሻል» አልኩ። ለሷ ብዬ ነው። ሰው እንዳያስቸግራት ብዬ ነው።

መጋቢት 8

ደብተሬ፣ ትምህርቱን ብታዪ! ሥራነሽ እዚህ፣ የኔታ እዚያ፣ እኔ መካከል፣ እትየ ጥጥ እየፈተለች ከጥግ።

የመጀመሪያ ቀን ለሥራነሽ «ባሌ ጣልያን አገር ነው በይልኝ» አልኳት። አፏን ከፈተች፣ ዘጋች። «እንዲያ ከመሐል አይመጣልኝም፣ እማማ። እኔ ጠዋት ስገባ ከምለው ልጀምር፤ ከዚያ ራሱ ይመጣል።» ጀመረች፦ ቦንጆርኖ ሲኞሬ፣ እንደምን አደሩ ጌታዬ። ላ ዙፓ ኤ ፕሮንታ፣ ሾርባው ደርሷል። ውኃው ሞቋል። ሸሚዙ ታጥቧል። ካሚዮኑ ተሰብሯል። ከዚያ በኋላ ነው ባሌ የመጣው።

«ሾርባው ይቅር» አልኩ።

የኔታ መቋሚያቸውን አነሡ። «ማነው ይቅር ያለው? ትምህርት ከመነሻው ነው። መምህርሽ ከሾርባ ከጀመረች ከሾርባ ነው። ከዳዊት አንድ መስመር ይዘለላል?»

«የኔታ፣ ይኼ ዳዊት አይደለም! ሹሙ ፊት ቆሜ ስለ ሾርባ ልናገር?»

«አርፈሽ በይ!»

አልኩ። እሷ ትላለች፣ እኔ እላለሁ፣ እሳቸው በመቋሚያው መሬቱን ይመታሉ። ቀስ በቀስ በዳዊት ንባብ ዜማ ሆነ፤ ላ ዙፓ ላይ ዝቅ፣ ፕሮንታ ላይ ከፍ። እትየ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ሥራነሽም ሳቀች፤ አፏን በእጇ ይዛ፣ እንደ ሕፃንነቷ። ያ ሳቅ ቤቴ ከተሰማ አንድ ዓመት ሆኖታል። ለምን ይህን እንደጻፍኩ አላውቅም።

መጋቢት 13

በቃል ይዤዋለሁ! ዐሥራ ሁለት መስመር፣ ያለ ስሕተት፣ ዓይኔን ጨፍኜ። ፈረንሳይኛ ስድስት ዓመት የፈጀብኝ እኔ!

አንድ እንከን ብቻ። ዛሬ ሥራነሽ በድንገት «ባልዎ የት ነው?» ብላ በጣልያንኛ ጠየቀችኝ። ገባኝ፤ መልሱንም አውቀዋለሁ። ግን ከአፌ አልወጣም። ከሾርባው ጀምሬ፣ ውኃውን፣ ሸሚዙን፣ ካሚዮኑን አልፌ ካልሆነ አልደርስበትም።

«ዳዊት የደገመ ሁሉ እንዲሁ ነው» አሉ የኔታ፣ ደስ ብሏቸው። «መካከሉን ለማግኘት ከመነሻው ይነሣል።»

ስለዚህ አሁን አልሄድም። ይኼን ማስተካከል አለብኝ። ምናልባት ያቺን የወታደር መጽሐፍ እንደገና ባያት…

መጋቢት 18

እትየ መጽሐፏን ከእጄ ነጠቀችኝ። እንዲህ ስትሆን አይቻት አላውቅም።

«ጥሩብርሃን፣ በእግዜር ይሁንብሽ። አንቺ የቸገረሽ መጽሐፍ አይደለም። ሁለት ወር ሙሉ አንዱን ታነሺ፣ ሌላውን ትጥይ። ‹ስሙ የለም› ሲሉሽ በጣልያንኛ እንዳትሰሚው ነው።»

«ውሸት!» ብዬ ጮኽኩባት። «እኔ ተዝካር ያላወጣሁ! እኔ ጌሾ ያልገዛሁ!»

«እኔማ ሞተ ብዬ አለቀስኩ፣ ወጣልኝ። አንቺ መቼ አለቀስሽ?»

ውሸቷን ነው። ነገር ሲጠፋት ነው እንዲህ የምትለው።

ወረቀቱ ላይ «ጠይቂልኝ» ነው ያለው። «ተማሪልኝ» አላለም።

መጋቢት 20

ነገ። የማርያም ዕለት። ነገ እሄዳለሁ። ሾርባ፣ ውኃ፣ ሸሚዝ፣ ካሚዮን፣ ባሌ። ሾርባ፣ ውኃ፣ ሸሚዝ

መጋቢት 21

ከየት ልጀምር? ከመነሻው፤ የኔታ ይሰሙኛል።

እትየ እስከ ግቢው በር ሸኘችኝ። ገባሁ። ሹሙ ተቀምጦ ይጽፋል፣ ደምለው ቆሟል። «ዛሬ ደግሞ ምን ይዘው መጡ?» አለኝ፣ እጄን እያየ። እጄ ባዶ ነበር። ሹሙ ቀና አለ። አፌን ከፈትኩ፤ «ሚዮ ማሪቶ» ልል ነው፣ ባሌ ልል። ምንም! እንደ ድንጋይ ደረቅሁ። ደምለው ሊናገርልኝ ትንፋሹን ሲስብ ሰማሁት።

ዓይኔን ጨፈንኩ።

ቦንጆርኖ ሲኞሬ። ላ ዙፓ ኤ ፕሮንታ።

ብዕሩ ጠረጴዛው ላይ ሲወድቅ ሰማሁ። ውኃው ሞቋል አልኩ፣ በዜማው። ሸሚዙ ታጥቧል ስል በሩ ላይ የቆመው ወታደር በሳቅ ፈነዳ፤ ካሚዮኑ ተሰብሯል ስል ሌሎችም ሊያዩኝ መጥተው ሳቁ። ደምለው በአማርኛ፣ ወደ ጆሮዬ፦ «ወይዘሮ፣ ይበቃል፣ መሣቂያ ሆኑ እኮ!» ሹሙ አንድ ቃል ተናገረ፣ ደምለው ዝም አለ። እኔ መቆም አልችልም ነበር፤ ብቆም እንደገና ከሾርባው መጀመሬ ነው። ቀጠልኩ። ባሌ ጣልያን አገር ነው። ስሙ አካለ ወልድ ነው። አልሞተም። ክፉ አልሠራም። እኔ ሚስቱ ነኝ። ልጠይቅለት መጣሁ። ባሌን መልሱልኝ።

ዓይኔን ስገልጥ የሚስቅ ሰው አልነበረም።

ሹሙ ወደ ደምለው አልዞረም። መዝገቡን ገልጦ ወደ እኔ አዞረው፤ በእጁም ቅረቢ አለኝ። ያንኑ ቦታ በጣቱ ነካ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጠረጴዛው አጠገብ ደረስኩ። ጽሕፈቱ የፈረንጅ ፊደል ነው፤ እኔ ከልጅነቴ የማነበው ፊደል! የባሌ ስም። ከጎኑ፦ አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ። ከዚያ ቀጥሎ ባዶ መስመር። ሹሙ ብዕሩን አንሥቶ ሰጠኝ።

ፊርማ ነበር የጎደለው። አንድ ፊርማ። ያን ቀን መዝገቡን የመታው፣ እኔን የጠቆመው፣ ያን ሁሉ የተናገረው «እዚህ ላይ ትፈርም» ለማለት ነው። ደምለው «አይሆንም» ያለኝ እሱን ነው፤ ሁለተኛ ማር እንዳመጣ።

ባሌ ከታኅሣሥ ጀምሮ አዲስ አበባ ነው፣ ደብተሬ። እኔ የአትክልተኛውን አክስት ስጠይቅ እሱ እዚያ ሆኖ ፊርማዬን ይጠብቃል። አንድ እርምጃ ወደ ጠረጴዛው ብቀርብ ጥር ላይ ራሴ አነበው ነበር። ጥር ላይ!

ፈረምኩ። ሹሙ ማኅተሙን መታ። ደግ ሰው ነው አልልም፤ ያሰሩት እነሱ ናቸው፣ ፊርማ ለመቀበል ደግነት አያስፈልግም። ደምለውን አየሁት። ከረባቱን ያስተካክላል።

ስወጣ እትየ እበሩ ላይ ቆማለች። «አለ?» አለች። «አለ። አዲስ አበባ ነው።» ያኔ ነው ያለቀስኩት፤ አደባባይ ላይ፣ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ከትቼ። እትየ ከልላኝ ቆመች፣ ሰው እንዳያይ።

መጋቢት 24፣ ሆሳዕና

ሥራነሽን አባረሯት። ደምለው ለመካኒኩ «ገረድህ አገሩን ጣልያንኛ ታስተምራለች» ብሎ ነግሮባት። ከቅዳሴ ስንመለስ ጥቅሏን ይዛ በጓሮው በር በኩል፣ ከአጥሩ ሥር ተቀምጣ አየኋት።

«ለአንድ ሁለት ቀን ነው፣ እማማ» አለችኝ። «ጨለም ሲል ልግባ?»

የዘንባባ ቀለበቴን ከጣቴ አውልቄ በጣቷ አደረግሁላት። ጥቅሏን ተቀበልኳትና እጇን ይዤ፣ በአጥሩ ዙሪያ አድርጌ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ሰው ሁሉ እያየ፣ በፊተኛው በር አስገባኋት። ያቺ አጥር ሥር ስታማኝ የሰማኋት ሴት ቆማ አየችን። ሰላም አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

ሥራነሽ ገብታ መደብ ላይ ተቀመጠች። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ፣ አሁንም አልወጣም።

«ከሾርባው ይጀምሩ» አለችኝ።

ሚያዝያ 1፣ ፋሲካ

ዶሮው ተሠራ፣ ተበላ። ወሬ የለም። የእኔ ፋሲካ ገና ነው።

ሚያዝያ 5

ባሌ ደጀን ገብቷል! መንገዱ ተከፍቶ ዛሬ የደረሰ የእህል ካሚዮን ሾፌር ወረቀት ይዞልኝ መጣ፤ ወደ ግራ ያጋደለ ፊደል፦ «ዓባይን ተሻገርኩ። ሁለት ጥርሴ የለም፣ የቀረው አለ። ቅዳሜ እደርሳለሁ።»

እትየ ጌሾውን ጠነሰሰች። ለተዝካሩ የተባለው ጌሾ! «ዐውቄ ነው ያስቀመጥኩት» እያለች ለሰው ሁሉ ትናገራለች፤ እኔም ተውኳት፣ ትበል። የጓሮውን በር ደግሞ ጠዋት በሚስማር አስመትታዋለች። ምነው ብላት፣ «ነፋስ ያስገባል» አለችኝ።

የጥሪውን ቃል እዚህ ጽፌ ነገ በየቤቱ እልከዋለሁ፤ የሚጎድል እንዳይኖር፦

የኔታ ፍሥሐ ከነተማሪዎቻቸው ይምጡ። አቶ እንዳላማው ከመርጡለ ማርያም፣ ቢያማቸውም በበቅሎ ይምጡ። አርመኑና ሚስቱ ይምጡ፣ ሸክላውንም ይዘው፤ ጾሙ ወጥቷል። አጥር ሥር የሚያሙኝም ይምጡ፣ ከፊት አስቀምጣቸዋለሁ። ጠጅና ጠላው ከእኛ ነው። መጀመሪያ የሚቀርበው ግን ሥራነሽ የምትሠራው ሾርባ ነው፤ እሷ «ደርሷል» ሳትል ማንም እጁን እንዳይሰድ። የምትቀመጠው ከእኔ ቀኝ ነው፤ ይህን ቅር ያለው ሰው ካለ ቅሬታውን ይዞ ይምጣ። የሚገባው ሁሉ በፊተኛው በር ነው፤ ሌላ በር የለንም።

ቀኑ ዳግማ ትንሣኤ፣ እሑድ ሚያዝያ 8፣ ከቅዳሴ መልስ።